ንግድን ወደ ዲጂታል አሠራር በማሻገር ሂደት የሚያጋጥሙ የሕግ ስጋቶችና የቃላት አበያየን
(በዲጋና በነቀምቴ አካባቢ ካለው ሁኔታ በመነሣት የቀረበ ማብራሪያ)

በዚህ ጽሑፍ ለማብራራት የምንሞክረው ጉዳይ በሁለት ሙያዎች ወሰን ላይ የሚገኝ ነው፤ አንደኛው የሕግ ሙያ ሲሆን ሁለተኛው የቃላት ጥናት ነው። ነጋዴው መዝገቡን ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር፣ ገንዘቡን ከሣጥን ወደ ስልክ፣ ፊርማውን ከቀለም ወደ ምስጢር ቍጥር በሚያዛውርበት በአሁኑ ጊዜ፣ ከሕግ ጋር ሊያጋጨው የሚችለው ነገር ምንድን ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ አብዛኛው ሰው የሚጠቅሰው የኮምፒውተር ሌቦችን ወይም የመሣሪያ ብልሽትን ነው። እኛ ግን ከእነዚህ ያላነሰ ጉዳት የሚያደርስ፣ ነገር ግን ብዙም ያልታሰበበት ሌላ ምንጭ መኖሩን ለማሳየት እንፈልጋለን። ይኸውም በውልና በመመሪያ ውስጥ የሚገቡት ቃላት በሚገባ ሳይበየኑ መቅረታቸው ነው።

ለማብራሪያችን መነሻ ያደረግነው የዲጋን አካባቢ ነው። ዲጋ በምሥራቅ ወለጋ፣ ከነቀምቴ በስተምዕራብ፣ ወደ ጊምቢ በሚወስደው መንገድ ላይ ይገኛል። አካባቢው በቆሎና ቡና የሚመረትበት ነው፤ የነቀምቴ አካባቢ ቡናም በከተማዋ የቀድሞ ስም «ለቀምት» እየተባለ በንግዱ ዓለም ይታወቃል። ቦታውን የመረጥንበት ምክንያት ግን ቡናው ሳይሆን ቋንቋው ነው። በዲጋ የሚሠራ አንድ ነጋዴ ሥራውን ወደ ዲጂታል ሲያሻግር በሦስት ቋንቋዎች መካከል ይመላለሳል። የፌዴራሉ አዋጅ በነጋሪት ጋዜጣ የሚወጣው በአማርኛና በእንግሊዝኛ ሲሆን፣ በ1987 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 3 መሠረት በሁለቱ መካከል ልዩነት ሲገኝ የሚጸናው አማርኛው ነው። የክልሉ የሥራ ቋንቋ፣ ስለዚህም የወረዳው ጽሕፈት ቤትና የፍርድ ቤቱ ቋንቋ፣ አፋን ኦሮሞ ነው። የኮምፒውተሩ ፕሮግራምና የአጠቃቀም መምሪያው ደግሞ ብዙውን ጊዜ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። አንድ ቃል በእነዚህ ሦስት መንገዶች ሲመላለስ ትርጕሙ እንደ ነበረ ይቈያል ማለት አይቻልም።

ለቃላት መጨነቅ በዚህ አካባቢ አዲስ ነገር አይደለም። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የተረጐሙት ኦነሲሞስ ነሲብ ኑሯቸውንና የማስተማር ሥራቸውን በነቀምቴ አድርገው በ1923 ዓ.ም. እዚያው አርፈዋል፤ የሥራ ባልደረባቸው አስቴር ጋኖም የኦሮምኛ ቃላትን በመሰብሰብ ትልቅ ድርሻ ነበራት። የቃል ጥንቃቄ የትርጕም ሥራ ሁሉ መሠረት መሆኑን ለዚህ አካባቢ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ሁለቱን ቋንቋዎች የሚያውቅ ሰው «ሴራ» የሚለውን ቃል ብቻ ቢያስብ በቂ ነው። በአፋን ኦሮሞ «ሴራ» ማለት ሕግ ወይም ደንብ ነው፤ በአማርኛ ግን በስውር የሚጠነሰስ ተንኮል ነው። በዚህ ቃል የሚሳሳት የለም፤ ልዩነቱ ጐልቶ ይታያልና። የሚያሳስቱት ልዩነታቸው የተሸሸገ ቃላት ናቸው።

ነገሩን ግልጽ ለማድረግ፣ በዲጋ አንድ የእህልና የቡና ነጋዴ አለ እንበል። ይህ ነጋዴ ከገበሬዎች የሚገዛውን ምርት በኮምፒውተር ለመመዝገብ፣ ክፍያውንም በስልክ ለመፈጸም አስቦ አዲስ አበባ ካለ የፕሮግራም አቅራቢ ጋር ውል ለመፈራረም ተዘጋጅቷል። ከዚህ በታች የምናየው እያንዳንዱ ቃል በዚህ ሰው እጅ ላይ ምን ሊያስከትል እንደሚችል ነው።

1. ሽግግር

አማርኛችን ለዚህ ሥራ ሁለት ስሞች አሉት። አንደኛው «ትራንስፎርሜሽን» ነው፤ ይህ ቃል ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ አማካይነት በሕዝብ ዘንድ ታውቋል። ሁለተኛው «ሽግግር» ነው። እኛ ሁለተኛውን እንመርጣለን፤ ምክንያቱም «ተሻገረ» ከሚለው ግስ የወጣ በመሆኑ የነገሩን ጠባይ በራሱ ይገልጻል። ከዲጋ ወደ ጊምቢ የሚሄድ ሰው የዲዴሳን ወንዝ ይሻገራል። መሻገር የሚነሡበት ዳር፣ የሚደርሱበት ዳርና በመካከል ያለ ውኃ መኖሩን ያመለክታል። ሕግ የሚያሠጋውም በመካከል ባለው ጊዜ ነው፤ የወረቀቱ መዝገብ ተትቶ የኮምፒውተሩ መዝገብ ገና ሳይጸና በሚቈይበት ጊዜ ማለት ነው። ስለዚህ በውሉ ውስጥ «ሽግግር» የሚለው ቃል መቼ እንደሚጀምርና መቼ እንደሚያልቅ፣ ሁለቱ መዝገቦች ጐን ለጐን ስንት ጊዜ እንደሚያዙ፣ ቢለያዩም የትኛው እንደሚታመን መወሰን አለበት። ይህ ካልተወሰነ ገበሬው በወረቀት 20 ኵንታል፣ በኮምፒውተር 12 ኵንታል አስረክቦ ቢገኝ ክርክሩ መቋጫ አይኖረውም።

2. የሕግ ስጋት

«ስጋት» ከ«ሰጋ» የወጣ ስም ሲሆን በመሠረቱ በልብ ውስጥ ያለ ፍርሃትን ያመለክታል። በንግድና በመድን ሥራ ግን ትርጕሙ ሰፍቶ፣ ጉዳት ሊደርስ የሚችልበትን ዕድልና የጉዳቱን ልክ አንድ ላይ የሚገልጽ ሆኗል። «አደጋ» የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ ክፉ ነገር ሲሆን፣ «ስጋት» ገና ያልደረሰውን ይመለከታል፤ «የአደጋ ስጋት» የሚለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት አጠራርም ይህንኑ ልዩነት የጠበቀ ነው።

አሁን በየጽሑፉ «ሕጋዊ ስጋት» የሚል አነጋገር ይታያል። ይህ መታረም ያለበት ነው። «ሕጋዊ» ማለት ሕግን የተከተለ፣ ሕግ የፈቀደው ማለት ነው፤ ሕጋዊ ነጋዴ፣ ሕጋዊ ፈቃድ እንደምንለው። እንግዲያው «ሕጋዊ ስጋት» ቢባል ሕግ የፈቀደው ፍርሃት ማለት ይሆናል። የተፈለገው ከሕግ የሚመነጭ ስጋት ስለሆነ «የሕግ ስጋት» ማለት ይበቃል። «ማስተዳደር» ሲባልም ስጋትን ጨርሶ ማጥፋት ማለት አይደለም፤ ለይቶ ማወቅ፣ መመዘን፣ መቀነስ፣ የቀረውንም ማን እንደሚሸከም አስቀድሞ መወሰን ማለት ነው።

3. መረጃ፣ ዳታ፣ ማስረጃ

«መረጃ» ከ«ተረዳ»፣ «ማስረጃ» ከ«አስረዳ» የወጡ ናቸው። አንደኛው ሰው ራሱ የሚረዳበት ነው፤ ሁለተኛው ሌላውን፣ በተለይም ዳኛን፣ የሚያስረዳበት ነው። ልዩነቱ አንድ የእርባታ ቅጥያ ብቻ ቢሆንም በፍርድ ቤት ዘንድ ሰፊ ነው። በኮምፒውተር ውስጥ ያለ ሁሉ መረጃ ሊሆን ይችላል፤ ማስረጃ የሚሆነው ግን ማን እንዳስገባው፣ መቼ እንደገባ፣ ከዚያ ወዲህ እንዳልተለወጠ ማሳየት ሲቻል ነው።

በአፋን ኦሮሞ «ረጋ» የሚለው ቃል ማስረጃን የሚመለከት ሲሆን፣ በጽሕፈት ቤት አነጋገር ለዳታም ሲውል ይሰማል። ስለዚህ አቅራቢው በአማርኛው ውል «መረጃ አስቀምጣለሁ» ብሎ ሲፈርም፣ በዲጋ ያለው ነጋዴ የኦሮምኛውን ትርጕም አንብቦ «ማስረጃ ይቀመጥልኛል» ብሎ ሊረዳ ይችላል። አቅራቢው የመጨረሻውን ሒሳብ ብቻ አስቀምጦ የለውጡን ታሪክ ቢያጠፋ፣ መረጃውን አስቀምጧል፤ ማስረጃውን ግን አጥፍቷል።

ሕጉ ለዲጂታል ሰነድ በሩን ከፍቷል። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010ም ሆነ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 መልእክት በኤሌክትሮኒክ መልክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ውጤት እንደማይነፈገው ይደነግጋሉ። «በመሆኑ ብቻ» የሚለውን ሐረግ አንባቢ ልብ እንዲለው እንፈልጋለን። ሕጉ ያለው በዚህ ምክንያት ብቻ አይጣልም ነው እንጂ ሁልጊዜ ይታመናል አይደለም።

4. ፊርማ፣ አሻራ፣ ማንነትን ማረጋገጥ

«ፊርማ» ከኢጣልያንኛ የመጣ ቃል ነው፤ ሆኖም ዛሬ እንደ ባዕድ የሚያየው የለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1728 ስለ ፊርማ ሲደነግግ፣ መጻፍ የማይችል ሰው በፊርማ ፈንታ የጣት አሻራውን ሊያኖር እንደሚችል ፈቅዷል። ነገር ግን ወዲያው ጥንቃቄ ጨምሯል፤ የዓይነ ስውር ወይም የማያነብ ሰው ፊርማ ወይም አሻራ በውል አዋዋይ፣ በሬጅስትራር ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ ሰውየውን አያስገድደውም።

በ2015 ዓ.ም. የወጣው የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284 ደግሞ ለአሻራ ሌላ ተግባር ሰጥቶታል። «ፋይዳ» የተባለው መታወቂያ ሲሰጥ የአሥሩ ጣቶች አሻራ፣ የዓይን ብሌንና የፊት ምስል ይወሰዳል። እዚህ ላይ አሻራው የሚያገለግለው «ይህ ሰው እገሌ ነውን?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ለመስጠት ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አሻራው የሚመልሰው ጥያቄ ግን «ይህ ሰው ተስማምቷልን?» የሚል ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች ለየብቻ ናቸው።

ወደ ዲጋው ነጋዴ እንመለስ። ማንበብ የማይችሉ አንድ አዛውንት ገበሬ ምርታቸውን ይዘው ሲመጡ ጣታቸውን በመሣሪያው ላይ እንዲያኖሩ ቢጠየቁ፣ ማንነታቸውን ማስረዳታቸው ነው ወይስ በዋጋው መስማማታቸው? ጸሐፊው «አባባ፣ እዚህ ላይ ይፈርሙ» ቢላቸው፣ ሁለቱ ተግባራት በአንድ ቃል ተደበላለቁ። አፋን ኦሮሞ «መለቶ» በሚለው ቃል ምልክትንም ፊርማንም ስለሚጠራ ጥንቃቄው በዚያም በኩል ያስፈልጋል። ጉዳዩ ወደ ክርክር ቢያመራ ነጋዴው ፊርማ ይዣለሁ ብሎ የተማመነበት ነገር የማንነት ማረጋገጫ ብቻ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። አዛውንቱም ያልተነበበላቸውን ውል እንደ ፈረሙ ተቈጥሮ ሊጎዱ ይችላሉ። ስለዚህ «መፈረም»፣ «መስማማት» እና «ማንነትን ማረጋገጥ» የሚሉት ሦስት ቃላት በመሣሪያው ገጽ ላይም ሆነ በሠራተኛው አፍ እንዲለያዩ ማድረግ የግድ ነው።

5. «ሲስተም የለም»

በባንክ መስኮትም ሆነ በመንግሥት ጽሕፈት ቤት ባለጉዳይ ደጋግሞ የሚሰማው መልስ «ሲስተም የለም» የሚል ነው። አነጋገሩ ሕዝብ የፈጠረው ስለሆነ እንደ ቃል አንነቅፈውም፤ በውል ውስጥ ሲገባ ግን ምንም አይናገርም። ፕሮግራሙ ተበላሽቶ ነው? መብራት ጠፍቶ ነው? የስልክ መስመሩ ተቋርጦ ነው? ወይስ በመንግሥት ትእዛዝ ተዘግቶ? የእያንዳንዱ ኃላፊ ሌላ ሌላ ነው።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1792 እና በተከታዩ ከዐቅም በላይ የሆነ ኃይል ባለዕዳውን ከኃላፊነት ነጻ እንደሚያወጣ ይገልጻል። ለምሳሌም ያልታሰበ የሦስተኛ ወገን ድርጊትን፣ ውሉ እንዳይፈጸም የሚያግድ የመንግሥት ክልከላን፣ የተፈጥሮ መቅሠፍትንና ጦርነትን ይጠቅሳል። ነገር ግን ዋናው መለኪያ ነገሩ አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችል መሆኑ ነው። ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ መጋቢት 2012 ዓ.ም. ድረስ በምዕራብ ኦሮሚያ፣ በተለይም በወለጋ ዞኖች፣ የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት ተቋርጦ ነበር። በምሥራቅ ወለጋም ኢንተርኔት ተዘግቶ ስልክ በዋና ዋና ከተሞች ብቻ ይሠራ ነበር። ይህን ያየ አካባቢ ከዚያ ወዲህ በሚፈርመው ውል «መስመር ይቋረጣል ብዬ አላሰብኩም» ብሎ መከራከር ይከብደዋል። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ክፍያ በስልክ እየተለመደ ስለ ሄደ፣ መስመር ሲቋረጥ የሚዘገየው ወሬ ብቻ ሳይሆን የገበሬው ገንዘብም ጭምር ነው።

ስለዚህ በውሉ «ሲስተም» በሚለው ፈንታ «የፕሮግራም ብልሽት»፣ «የመብራት መቋረጥ»፣ «የመስመር መቋረጥ» እና «በትእዛዝ የተዘጋ አገልግሎት» ተብሎ እንዲለይ፣ ለእያንዳንዱም ኃላፊው፣ የሚታገሡት ጊዜና እስከዚያ በወረቀት የሚሠራበት ሥርዓት እንዲጻፍ እንመክራለን።

6. ቀንና ዓመት

«ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የተባለው የመንግሥት ስትራቴጂ የጸደቀው በ2012 ዓ.ም. ነው። በርዕሱ ያለው 2025 ግን እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ነው። በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት አቈጣጠር ይገኛል ማለት ነው። የተማረ አንባቢ ይህን ሳይቸገር ይለየዋል፤ ኮምፒውተር ግን ካልነገሩት አይለየውም። በመዝገብ ላይ 05/03/2017 ተብሎ የተጻፈ ቀን በእኛ አቈጣጠር ኅዳር 5 ቀን 2017 ሲሆን፣ በፈረንጆቹ ማርች 5 ቀን 2017 ሊባል ይችላል። በሁለቱ መካከል ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ያህል አለ። ከውል የሚነሣ ክስ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1845 መሠረት በአሥር ዓመት በይርጋ የሚታገድ በመሆኑ፣ በቀን አጻጻፍ የተፈጠረ ስሕተት የአንድን ሰው መብት አብዛኛውን ዕድሜ ሊበላው ይችላል። ዐሥራ ሁለት ወር ብቻ የሚያውቅ ፕሮግራም «ጳጉሜን 3» የሚል የክፍያ ቀን ሊቀበል እንደማይችልም መዘንጋት አይገባም። ስለዚህ «ቀን» የሚለው ቃል ራሱ ብያኔ ያስፈልገዋል።

7. ተቆጣጣሪ ማን ነው?

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 በሁለት ወገኖች መካከል ልዩነት ያደርጋል። አንዱ የሰዎችን የግል ዳታ ለምን ዓላማና በምን ዘዴ እንደሚጠቀምበት የሚወስን ነው፤ ሌላው በዚያ ወሳኝ ስም ሥራውን የሚያከናውን ነው። በእኛ ምሳሌ የመጀመሪያው የዲጋው ነጋዴ ነው፤ ሁለተኛው የአዲስ አበባው አቅራቢ ነው። የመጀመሪያውን «ተቆጣጣሪ» ብሎ መጥራት የተለመደ ቢሆንም፣ ይህ ቃል በአማርኛ የመንግሥትን ቁጥጥር የሚያካሂድ መሥሪያ ቤትን ወይም ሠራተኛን ያስታውሳል። ነጋዴው «ተቆጣጣሪ» የሚለውን ሲያነብ ስለ ሌላ ሰው የተጻፈ ይመስለዋል፤ የተጻፈው ግን ስለ እርሱ ነው። ዳታው ቢሰረቅ ወይም ቢባክን በ72 ሰዓት ውስጥ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የማሳወቅ ግዴታ የሚወድቀውም በእርሱ ላይ ነው። በሕጉ ዘንድ የጸናውን ቃል መለወጥ የእኛ ሥልጣን ባይሆንም፣ በማብራሪያና በሥልጠና ጊዜ «የዳታ ወሳኝ» እና «የዳታ ሠሪ» ማለት ነገሩን ይገልጣል ብለን እናምናለን።

«የዳታው ባለቤት» የሚለውም አሻሚ ነው። ነጋዴው የሰበሰብኩት እኔ ነኝ፣ አቅራቢው የተቀመጠው በእኔ ዘንድ ነው፣ ገበሬው ስለ እኔ ነው ሊሉ ይችላሉ። «ዳታው የሚመለከተው ሰው» ቢባል ግን ከገበሬው በቀር ሌላ ሰው አይታሰብም።

8. ምን ይደረግ?

አዋጆቻችን በመጀመሪያዎቹ አንቀጾቻቸው «ትርጓሜ» የሚል ክፍል የማስቀመጥ ጥሩ ልማድ አላቸው። ነጋዴውም ይህን ልማድ ሊወርስ ይገባል። ማንኛውም የዲጂታል ሽግግር ውል፣ ስለ ዋጋና ስለ ጊዜ ከመናገሩ በፊት፣ የሚጠቀምባቸውን ዋና ዋና ቃላት በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ጐን ለጐን ቢበይን፣ ልዩነት ሲገኝ የትኛው እንደሚጸና ቢናገር፣ በመሣሪያው ገጽ ላይ ያሉትን ቃላትም ከብያኔው ጋር ቢያስማማ፣ ብዙ ክርክር ገና ሳይወለድ ይቀራል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 1733 የውሉ ቃል ግልጽ ከሆነ ዳኛው በትርጕም ስም ከዚያ ሊወጣ እንደማይችል ይደነግጋል። ስለዚህ ግልጽ ሆኖ በስሕተት የተጻፈ ቃል ከአሻሚው ይልቅ አደገኛ ሊሆን ይችላል፤ ዳኛውም የሚያርመው አይደለም።

ይህ ሥራ የሕግ ባለሙያው ብቻ ወይም የኮምፒውተር ባለሙያው ብቻ አይደለም። የቃላት አጥኚውም ድርሻ አለበት። የውልን ቃል መርምሮ ለሁለቱም ቋንቋ ተናጋሪ እኩል እንዲሰማ ማድረግ፣ ጣታቸውን በመሣሪያው ላይ የሚያኖሩትን አዛውንት ከጉዳት፣ ነጋዴውንም ከክስ መጠበቅ ነው።

ለውይይት የቀረቡ ቃላት

ዲጂታል ሽግግር፦ ሥራን ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር አሠራር የማዛወር ሂደት፤ መነሻ፣ መድረሻና በመካከል የተወሰነ ጊዜ ያለው።

የሕግ ስጋት፦ ሕግን ወይም ውልን ባለማክበር፣ ወይም በአሻሚነታቸው ምክንያት ሊደርስ የሚችል ጉዳትና የመድረሱ ዕድል። («ሕጋዊ ስጋት» አይባልም።)

ዲጂታል ማስረጃ፦ ያስገባው ሰው፣ የገባበት ጊዜና ያለመለወጡ ሊረጋገጥ የሚችል ዳታ።

ማንነትን ማረጋገጥ፦ ሰውየው እኔ ነኝ ያለው መሆኑን ማወቅ፤ ስምምነትን አያመለክትም።

የመስመር መቋረጥ፦ የስልክ ወይም የኢንተርኔት ግንኙነት መጥፋት፤ ከፕሮግራም ብልሽትና በትእዛዝ ከተዘጋ አገልግሎት የተለየ።

የዳታ ወሳኝ፦ የግል ዳታ የሚውልበትን ዓላማና ዘዴ የሚወስን ሰው ወይም ድርጅት።

የዳታ ሠሪ፦ በወሳኙ ስም ዳታን የሚያስቀምጥ፣ የሚያቀናብር ወይም የሚያስተላልፍ።

በእነዚህ ቃላት ላይ፣ በተለይም በአፋን ኦሮሞ አቻዎቻቸው ላይ፣ በነቀምቴና በአካባቢዋ ያሉ የፍርድ ቤት ሠራተኞች፣ መምህራንና ነጋዴዎች የሚሰጡትን አስተያየት በአክብሮት እንቀበላለን።